ቡናማው ጠርሙስ

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመልክ ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል። እሷ ግን የቀናችው በአንዲት የሻይ ብርጭቆ ነው። አትሳቁ፤ ነገሩን እስክትሰሙ ታገሡኝ።

በዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል፣ ምድር ቤት፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ባለው ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናት። ፀጉሯ የሸበተው እዚያው ስትሠራ ነው። ተማሪዎቹ «እመት ጠብታ» ይሏታል፣ በሌለችበት ነው ታዲያ። ፈሳሽ ስትለካ ትንፋሿን ውጣ ነው፤ አንዲት ጠብታ ከልኩ ካለፈች ሙሉውን ደፍታ እንደገና ትጀምራለች። ብልቃጥ በቅጡ ያላጠበ ተማሪ ያገኘች ቀን ደግሞ ወዮለት። ሰው ስናማ «ውሃ ቀጠነ ብሎ ይቆጣል» እንላለን አይደል? እሷ ደመወዝ የሚከፈላት ውሃ ቀጠነ ብላ እንድትቆጣ ነው።

የላብራቶሪው ሥራ ከውጭ ሲያዩት ያስፈራል እንጂ ውስጡ ቀላል ነው። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች የምታስረዳቸው እሷ ናት። አንጎላችን መልእክት የሚልክባቸው ኬሚካሎች አሉ፤ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። እጃችን ዘርጋ ሲባል የሚዘረጋው፣ አርፈህ ተቀመጥ ሲባል አርፎ የሚቀመጠው በእሱ ነው። ይኼ ዶፓሚን ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ግን ጠላት አለው። «ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው መኖር ይወዳሉ» ትላቸዋለች ተማሪዎቹን። «ፍሪ ራዲካል ማለት ጥንዱ የጎደለበት ማለት ነው። አርፎ አይቀመጥም፤ አጠገቡ ካለው ይነጥቃል። የተነጠቀው ደግሞ በተራው ሌላውን ይነጥቃል። እንዲህ እያለ ብልቃጡን በሙሉ ያዳርሰዋል።»

ይህን ብላ በጠራ የብርጭቆ ቱቦ ዶፓሚን በውሃ ታሟሟለች። ብረት ያለበት ፈሳሽ ጠብ ታደርግበታለች፣ ነገሩን ለማፍጠን ትንሽ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትጨምራለች። ውሃ የመሰለው ነገር መጀመሪያ ሮዝ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ቀለሙ ሲቀየር ያያችሁት ዶፓሚኑ ሲያልቅ ነው» ትላለች። «ፐርኦክሳይዱ ባይኖርም ብረት ያለበት ውሃና አየር ካገኘ ቀስ ብሎ ማለቁ አይቀርም። ስለዚህ የበጠበጣችሁትን አታሳድሩ።» ይህን ንግግር ስንት ጊዜ እንዳደረገችው እሷም አታውቀው።

ይህችን ሴት ያሳደጋት አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር። ኮት ሰፍቶ ሲሰጥ፣ ስፌቱ የት ላይ እንደሆነ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። አላገባችም፤ የቤቷ ሰው እሱ ብቻ ነው። «አባዬ» ትለዋለች፤ በዓለም ላይ እሱን «አባዬ» የሚለው ሌላ ሰው የለም፤ ታናሽ ወንድሟ እንኳ «አባባ» ነው የሚለው። ይቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

የእሱ ነገር የጀመረው በቀኝ አውራ ጣቱ ነው። ጣቱ ለብቻዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ እጁ በሙሉ፣ ከዚያ ሁለቱም። ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው፣ ኋላም የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ። ሐኪሙ፣ አንጎሉ ውስጥ ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች እየሞቱ ነው አለ። ሰውነት ውስጥ ገብቶ ዶፓሚን የሚሆን እንክብል አዘዘለት። እንክብሉ ደግሞ ጉሮሮው ላይ እየቀረ ትን ስላለው፣ ፋርማሲስቱ «ደቁሳችሁ በውሃ በጥብጡለት። በየጊዜው አዲስ ይሁን፣ አይደር» አለ።

እሷ ከንፈሯን ጣል አደረገች። ለማን ነው የሚነግረው? እሷ እኮ የሙያው ሰው ናት። ከላብራቶሪው ዕቃ ቤት የተጣለ ቡናማ ጠርሙስ ለምና አመጣች፤ ብርሃን የሚያበላሸው ነገር በቡናማ ጠርሙስ ይቀመጣል፣ የሙያው ሕግ ነው። ሰኞ ጠዋት እንክብሎቹን ደቁሳ፣ ከቧንቧ ቀድታ ባፈላችው ውሃ በጥብጣ፣ የእስከ ረቡዑን በአንዴ ትሞላዋለች፤ ሐሙስ ደግሞ እንደገና። ጎኑ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በየሰዓቱ የሚጠጣውን አስምራበታለች። ብርጭቆ ሲያነሳ ይደፋዋልና፣ በክዳኑ ቀዳዳ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክታለታለች። እሷ ሥራ ስትውል እሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ይስባል። ይህን ብልሃቷን ለሥራ ባልደረቦቿ አፏን ሞልታ ታወራ ነበር።

እጁ ግን አልረጋም። «በሽታው ነው፣ እየባሰ ይሄዳል ተብሏል» ትል ነበር። በዚያ ሰሞን የሥራ ጋዋኗ ኪስ በበር እጀታ ተይዞ ተተረተረ። አባትየው «ወዲህ በይ፣ እኔ እሰፋልሻለሁ» አላት። መርፌውን አንስቶ ክሩን ሊያስገባ ታገለ፣ ታገለና መርፌውን ወለሉ ላይ ጣለው። እሷም ኪሱን በሌላ ሰው አላሰፋችም። በመርፌ ቁልፍ ይዛው ትሠራ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ ጣሪያዋ ማፍሰስ ጀመረና ለጥገና ቤቱ ተፈታታ። አባትየው ሁለት ሳምንት ወንድሟ ቤት እንዲሰነብት ተደረገ። የወንድሟ ሚስት ፀጉር ሠሪ ናት፤ ፀጉር ቤቷ እዚያው መኖሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሳቅ አያልቅባትም። እመት ጠብታ በሆዷ «ሳቂታዋ» ነው የምትላት፣ በበጎ እንዳይመስላችሁ። «መድኃኒቱን በዚህ በጥብጪ» ብላ ቡናማ ጠርሙስ ልትሰጣት ስትል ሳቂታዋ «እትዬ፣ እኔ ለዚህ ሁሉ ነገር የት አውቄ፣ ፋርማሲስቱ እንዳለው በሻይ ብርጭቆ እበጠብጥላቸዋለሁ» አለቻት። እመት ጠብታ ጠርሙሷን ይዛ ተመለሰች፤ መንገዱን ሁሉ «በሻይ ብርጭቆ!» እያለች ለራሷ ስትስቅ ነበር።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልትጠይቀው ሄደች። ፀጉር ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፣ የፀጉር ማድረቂያው ያጓራል። አባቷ ከመስታወቱ ፊት፣ የደንበኛ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ የሳቂታዋ ሽርጥ አለ። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ ክሩን በአንዴ አስገባው። ሴቶቹ አጨበጨቡለት።

«አባዬ፣ ይኼን ከጨረሱ የመጋረጃው ደግሞ ይጠብቅዎታል» አለች ሳቂታዋ።

አባዬ። ሰማችሁ?

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የአባቷ እጅ ነው፣ ድኖ ነው ያየችው። እኔ ግን አልዋሻችሁም፣ ደስ አላላትም። እሷ ስንት ዘመን ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ስታቅፈው እጁ ጀርባዋ ላይ ሲንቀጠቀጥ የኖረው፣ እዚህ መጥቶ ለዚህች ለሳቂታ ሽርጥ ይሰፋል! በጥርሷ ሳቀች። «ጎሽ፣ ተሻለህ» አለችው፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆነባት። ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች።

ጣሪያው ተጠገነ፣ አባቷ ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላው እጁ መንቀጥቀጡን ቀጠለ። ጎረቤት ይህን አይቶ ዝም ይላል? «እዚያ ደስ ብሎት ነው እንጂ» አሉ። «ሳቅ ያለበት ቤት እኮ ያድናል።» ይህ ሁሉ ጆሮዋ ደረሰ። በመጨረሻ ወንድሟ ከሚስቱ ጋር መጣና ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝ» አለ። «አባባ ለዘለቄታው እኛ ጋ ቢሆን ምን ይመስልሻል? አንቺ ቀኑን ሙሉ የለሽም።»

እሷ አፏን ከመክፈቷ በፊት አባትየው መለሰ። «እኔ ከዚህ የትም አልሄድም። የኔ መድኃኒት ያለው ልጄ እጅ ነው።»

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሳቂታዋን አየት አደረገቻት፤ ያን ቀን ሳቂታዋ አልሳቀችም። እንግዶቹን እስከ በሩ ስትሸኝ አካሄዷ ራሱ የሙሽራ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ቅናት ግን ሲያሸንፍም አይጠግብም። ከመሸኘቷ ስትመለስ፣ አባቷ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ የቱቦዋን ጫፍ በሚንቀጠቀጥ ከንፈሩ ሲፈልግ አየችውና ያው ጥያቄ መጣባት። እዚያ ለምን ተሻለው? ያው እንክብል፣ ያው መጠን፣ ያው ውሃ። ካልሆነስ? መልሱ መጣላት፣ ስትፈልገው የነበረ መልስ ነው። ያቺ ሴትዮ ሁለት እንክብል እየደቆሰች በአንድ ብርጭቆ ታጠጣዋለች! እጁ ለጊዜው ይረጋል፣ እሷ ትመሰገናለች፣ በኋላ የሚጎዳው እሱ ነው። እጅ ከፍንጅ ልትይዛት ወሰነች። ማስረጃውን ለወንድሟ ፊት ለፊት ታስቀምጥለታለች፣ ከዚያ «አባዬ» ስትለው እንሰማታለን።

እሑድ ምሳ ተጋብዘው ወንድሟ ቤት ሄዱ። የመድኃኒቱ ሰዓት ሲደርስ ሳቂታዋ ጓዳ ገብታ በጥብጣ ወጣች። «እኔ ላጠጣው» አለች እመት ጠብታ። ብርጭቆውን ተቀብላ አባቷን እያጠጣች፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ታህል አስቀርታ፣ ሳቂታዋ ዞር ስትል ከቦርሳዋ ባወጣችው ትንሽ ብልቃጥ ገለበጠችው። ብልቃጡን ቤቷ እንደደረሰች ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶው ቤት ደበቀችው። ሌባ የሰረቀውን እንዲህ አይጠነቀቅለትም።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ገባች። በእሷ ሙያ አንድ ነገር ብቻውን አይመረመርም፤ ትክክለኛ መሆኑ ከሚታወቅ ሌላ ነገር ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለማነጻጸሪያ ሰኞ የሞላችውን የራሷን ቡናማ ጠርሙስ ይዛ መጥታለች። ቀና የተባለው የእሷ ነው፣ ሌላው በእሷ ይለካል ማለት ነው። በኩራት አምጥታዋለች፣ ያውም ጠርሙሱን እንዳለ።

መጀመሪያ የሳቂታዋን ብልቃጥ በጠራ ቱቦ ገለበጠች። ነጣ ያለ፣ የእንክብሉ ዱቄት የዘቀጠበት ውሃ ነው። ቀጥላ ከቡናማው ጠርሙስ በሌላ ቱቦ ቀዳች።

የወጣው የተንተከተከ ሻይ ነው የሚመስለው። ጥቁር ሊሆን ትንሽ የቀረው።

ቆማ ቀረች። ይህን ቀለም ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። በየዓመቱ ለተማሪዎች የምታሳየው ቀለም ነው። ቡናማው ጠርሙስ ብርሃኑን ከልክሎላታል፣ እሷንም ከልክሏታል፤ ውስጡ የሚሆነውን በፍጹም አላየችም። አባቷ ደግሞ በቱቦ ነው የሚጠጣው። ከጠርሙሱ ወደ ጉሮሮው ሲወርድ ያየው ዓይን የለም።

እንዲያም ሆኖ ማሽኑ ላይ አደረገችው። ማሽኑ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ እየገፋ ውስጡ ያለውን ይለያል፤ የእያንዳንዱ መጠን ስክሪኑ ላይ ጉብ ብሎ ይወጣል። የሳቂታዋ በብርጭቆው ልክ ሲሰላ አንድ እንክብል ነው፤ ከአንድ አላለፈም፣ ከአንድም አልጎደለም። የእሷ ከግማሽ በታች ነው የተረፈው። የቀረው ተበልቷል። ማሽኑን አጥባ ደገመችው። ያው ነው። ከዚያ የቤቷን የቧንቧ ውሃ መረመረች፤ የቆርቆሮ ዝገት ይሻላል። ሰፈሩ ያረጀ የብረት ቧንቧ ነው። ስታፈላው ጀርሙ ይሞታል፣ ብረቱ ግን የት ይሄዳል? ብረት፣ አየር፣ የወጥ ቤት ሙቀት፣ ሦስት ቀን። ለተማሪዎቿ የምትሰብከውን አንድ በአንድ ቤቷ አድርጋዋለች።

በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የአባቷ ነገር ሊያስለቅሳት ይገባ ነበር፤ መጀመሪያ የመጣላት ግን እሱ አይደለም። መጀመሪያ የመጣላት፣ ምነው ያቺ ሴትዮ አጥፍታ በተገኘች የሚል ነው። ምነው ሁለት እንክብል በሆነ። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ነው እንባዋ የመጣው።

አስፈቅዳ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ገባች። አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ እጁን በሌላው እጁ ይዞ።

«አባዬ፣ መድኃኒቱ ጣዕሙ ምን ምን ይልሃል?» አለችው።

«መድኃኒት መድኃኒት።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«ሰኞ ደህና ነው» አለ። «ማክሰኞ መምረር ይጀምራል። ረቡዕ ብረት የላስኩ ነው የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺን? በሙያሽ?» ፈገግ አለ። «እኔ ኮት ስሰፋ አንድ ሰው መጥቶ እጅጌው ጠበበ ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር እንዴ? ጠርሙሱን ስታመጪ እንዴት ደስ ብሎሽ እንደነበር አይቻለሁ። ደግሞ የተሻለኝ ቀን ይወስዱኛል ብለሽ ስትፈሪ አያለሁ። እዚያ ስሰፋ ያየሽኝ ቀን ፊትሽ ምን ይመስል እንደነበር አውቀዋለሁ፣ ልጄ። በእጄ መንቀጥቀጥ አንቺ የምታርፊ ከሆነ ይንቀጥቀጥ አልኩ።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እሷ ግን ይህን ሰምታ እንኳ ወዲያው አልተሸነፈችም። መላ ፈለገች። ጠርሙሱን ትጥላለች፣ ንጹሕ ውሃ ከሥራ ታመጣለች፣ በየጊዜው አዲስ ትበጠብጣለች። እሺ፣ የጠዋቱንና የማታውን እሷ ትበጠብጥ። የረፋዱን፣ የቀትሩን፣ የአሥር ሰዓቱንስ? እሱ እንዳይደቁስ፣ የቀደመው መድኃኒት ኃይሉ ሲያልቅ እጁ አይታዘዝለትም። እሷ ቤት እንዳትውል የሚበሉት ከዚያው ከላብራቶሪ ነው። አዙራ አዙራ ያየችው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ቀን ቤት የሚውል ሰው ያስፈልጋል። ቀን ቤት የሚውል ሰው ያለው ደግሞ አንድ ቦታ ነው።

«አባዬ፣ እነሱ ጋ ትሄዳለህ» አለችው።

«ሰለቸሁሽ?»

«እንዲህ አትበለኝ። እንዲህ ካልከኝ አልችለውም።»

አላላትም። ሻንጣውን እሷ ሸከፈች። የመርፌ ቆርቆሮውን ከሸሚዞቹ ሥር ከተተችለት። መቀሱን ግን አስቀረችው፤ «አንድ ነገሩማ እዚህ ይቅር» ብላ።

ቅዳሜ ወሰደችው። ሳቂታዋ ጓዳ ስትበጠብጥ እመት ጠብታ በሩ ላይ ቆመች። ሳቂታዋ አንዱን እንክብል ደቆሰች፣ በሻይ ብርጭቆ ውሃ አማሰለች።

«የኔው ነው ተበላሽቶ የነበረው» አለቻት። «መድኃኒቱን ጠርሙስ ውስጥ አሳድሬ ገደልኩት። ያንቺ ደህና ነው።»

ሳቂታዋ ማንኪያዋን አቆመች። «ታዲያ እትዬ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስትገላምጪኝ የከረምሽው ምን አድርጌ መስሎሽ ነው?»

«ሁለት ሁለት የምታጠጪው መስሎኝ።»

«ውይ» አለች ሳቂታዋ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ክፉ ሳቅ አልነበረም፣ እንዲያውም እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችባት። እመት ጠብታ ሳቁንም እጁንም ጠላቻቸው። ግን ቻለችው። «በየጊዜው አዲስ ይሁን፤ አይደር» አለቻት ብቻ፣ እንደ ፋርማሲስቱ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሥራ ስትወጣ ጎራ አለች። አባቷ ያቺው ወንበር ላይ ነበር። ሰላምታ ሳያስጨርሳት «ጋዋኑን አምጪው» አላት። ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ኪሱ አሁንም በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ። ተቀበላት። ሳቂታዋ የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች ሳትጠየቅ ነጩን ክር አቀበለችው፤ የትኛውን ክር እንደሚፈልግ ታውቃለች። እመት ጠብታ ይህንንም አየች፣ ይህም ወጋት።

እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን አስገባ። አንገቱን ደፍቶ ሰፋ፣ ክሩን በጥርሱ በጠሰው።

«እስቲ እዪው» ብሎ ሰጣት።

ጋዋኑን ይዛ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች። አንድ የተጣመመ ስፌት ፈለገች። አንድ ብቻ ብታገኝ «አየህ፣ እዚህም አልተሻለህም» ብላ ሻንጣውን አንስታ ይዛው ትሄድ ነበር። ኪሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ሄደችበት፣ ቀጥላ በጥፍሯ ዳሰሰችው። ጠማማውን ትታ ስፌቱን ራሱን ፈለገች። የት ላይ እንደሆነ ማግኘት አልቻለችም።